በስልክ የተሰፋ ክዳን

ይታይሽ ደምበጫ ሄደች፣ እህቷ ጠጄ ታማ፣
ጥላብኝ ግማሽ ክዳን፣ ካንድ እቅፍ አክርማ።
አገልግሉ አልቋል፤ ክዳኑ ነው የቀረው፣
በጥር፣ ለክርስትና ልጇ ሠርግ የሚሄድ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞጣ መናኸሪያ
መውጫ ስቆርጥ ኖርኩኝ፣ ፊሽካዬን ማባረሪያ፤
እጄ የሚያውቀው ማህተም፣ ካርቦንና ደረሰኝ፤
ወስፌ መያዝ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ደረሰኝ።

አመሻሽ ላይ ደወልኩ። «ልጨርሰው?» ብላት፣
ሳቀች፤ ከስንት ቀን በኋላ ሳቅ መጣላት።

«እንግዲያስ ስማኝ፣ አንሙት፤ አክርማ አድሮ አይዘፈዘፍ፣
ይልፈሰፈስብሃል፣ እንደ ከረመ ጨርቅ ጫፍ፤
ጠዋት ውሃ እፍ በልበት፣ ልብስ እንደሚተኩስ ሰው፤
እርጥብ ጆንያ አልብሰህ፣ ቁርስህን ብላ፣ ተወው።
ወስፌው አልገባም ሲል አትግፋ፣ አትቆጣው፤
ደረቅ ሳሙና ላይ ወጋ አርገህ አውጣው።
ከብስክሌት ጠጋኙ፣ ከልየው ደጃፍ ሂድና
የተጣለ ካላማዳሪያ ለምነው፣ ደግ ነውና፤
እንደ ቀለበት ቆርጠህ አጥልቀው ጣትህ ላይ፣
የእኔን ጣት ቀዳዳ ሁሉ አይተህ አታውቅም ወይ?»

አይቼ አላውቅም ነበር።

አንዷ ዘዴ ግን የኔ ናት። ስንደዶው ወፍሮ፣ ቀጥኖ፣
እንቁላል የዋጠ እባብ ሲመስልብኝ ሆኖ፣
ቀለሟ ያለቀ ቢክ ከመሳቢያ አወጣሁ፣
ቀፎዋን በምላጭ ቆርጬ ስንደዶ በውስጧ አመጣሁ፤
ቀዳዳው ካልሞላ አንድ ሰበዝ እጨምራለሁ፣
ከጠበበ አወጣለሁ።
ይታይሽ ይህን ሰምታ፣ «እናቴ ሳታውቀው ሞተች» አለች፤
ለሦስት ቀን ያህል ባርኔጣዬ ጠበበች።

«ቀዩን ስትነክር ጨው ጣል፣ ሎሚም ጠብ አርግበት፣
ጥላ ላይ አስጣው እንጂ ፀሐይ አይድረስበት፣
እጅህን ግን በፌስታል…» ስትል፣ ኔትወርኩ ሄደ።
እጄ እስከ ክርኑ ቀልቶ እድር ስብሰባ ወረደ።
ዳኛው በመነጽሩ አይቶኝ «ምን አረድክ?» ቢለኝ በጾም፣
«ስፌት ነው» አልኩ። ዝም አሉ። ዝምታው ከሳቅ አይሻልም።
ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ «አቶ ወስፌ» እያለ ጠራኝ፤
ከሳቁት አንዱ ግን ማታ መጥቶ፣ በሹክሹክታ፣
የሰፌድ ጠርዝ «ስፋልኝ» ሲል ለመነኝ።

አንድ ነገር ብቻ በስልክ አልነገረችኝም፦
አክርማው ሲሳብ ምን ያህል ይሳብ? እኔም አልጠየቅኋትም።
«ጠጄ ወጥ ቀመሰች» ሲሉኝ እጄ ይላላል፤
«ሐኪሙ ዛሬም አልገባ» ሲሉኝ ወስፌው ይጮሃል።
ስልኩ ዝም ያለ ማክሰኞ፣ አምፖል ሥር ተቀምጬ፣
ሦስት ዙር ሰፋሁ ባንድ ሌሊት፣ ወስፌውን እንደ ጦር ጨብጬ።

ከጥምቀት ማግሥት መጣች፣ ጠጄን አቁማ፣ አድና፤
በከዘራም ቢሆን እስከ በሩ ትሄዳለችና።
ክዳኑን አነሳችው፣ ወደ ብርሃን አዞረች፤
ባንድ ጎኑ ያበጠ፣ ባንድ ጎኑ የጎበጠ፣
አገልግሉ ላይ ቢደፉት አፉን ከፍቶ ያፈጠጠ።
«ፍቺው» አልኩ።
እሷ ግን በአውራ ጣቷ ዙር ከዙር ዳሰሰች፣
ቀስ ብላ፣ ደብዳቤ እንደምታነብ ዘገየች።
«ይህ ወጥ የቀመሰች ለት። ይህ ደግሞ ሐኪሙ የጠፋበት።
ይህ…» ጣቷ ቆመ። «ማክሰኞ ነው። ራሷን የሳተችበት።»
ሌላ አልተናገረችም።

አገልግሉ ያለ ክዳን፣ በነጠላ ተሸፍኖ ሠርግ ሄደ፤
ሙሽራው ቴርሞስ ደርሶት ስለነበር ማንም ልብ አላለ።

ትናንት ማታ ጆንያውን ረጥባ አዲስ እምብርት ጀመረች፤
ያቺን የቢክ ቀፎ ከኪሴ ተቀበለች፤
የኔን ክዳን አጠገቧ አድርጋ፣ እየለካች፣ እያየች።
ሰው ለዕቃው ክዳን ይሰፋል፤ እሷ ግን ለክዳኑ ዕቃ፣
ባበጠበት አሳብጣ፣ በጠበቀበት አጥብቃ።