ፉርጎ ቀጣዩ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፉርጎ ከፉርጎ ጋር
ስቀጥል ኖሬያለሁ፣ ድሬ፣ ለገሃር።
ሁለት ጣት የለኝም፤ ግራ እጄን እዩት፤
አንዱን አዲጋላ፣ አንዱን እዚሁ ጣልኩት።
ስለ መቀላቀል ሰው ቆሞ ሲያወራ፣
የሌሉት ጣቶቼ ያደምጣሉ፣ ከቀሩበት ስፍራ።

ያን ሰሞን ከዚራ ጥላው ሥር፣ መጋላ ገበያው ላይ፣
ወሬው አንድ ብቻ፦ «ከኅብረቱ እንግባ ወይ?»
ድምፅ ማጉያ ያሰረች ፔጆ ዞረች ቀኑን ሙሉ፤
«አዎ በሉ! ለልጆቻችሁ ስትሉ አዎ በሉ!»
«አይሆንም» የምትል መኪና ግን አላየሁም፤
ቤንዚን አልተገኘላት ይሆናል፤ አላውቅም።

ጎረቤቴ ሮብሌ ቡህ፣ የጨው ጆንያ ተሸካሚው፣
ባቡር ላይ ነው የተወለደው።
ሦስተኛ ማዕረግ፣ ሌሊት፣
በደወሌና በአይሻ መሀል እናቱን ምጥ ይዟት፣
መንገደኛው ሽርጡን ፈቶ ጋርዶላት።
መዝጋቢው ጠየቀው፦ «ቀበሌህ የት?»
«ፉርጎ ቁጥር አሥራ ሰባት።»
መዝጋቢው ሳቀ፤ ሰልፉም ሳቀ፤
ሮብሌም አብሮ ሳቀ፤
ስሙ ግን ከመዝገቡ ወደቀ።

በዚያው ሌሊት በሳቢያን በኩል አራት አይሱዙ መጡ፤
የወረዱት ሰዎች አቧራቸውን ሳያራግፉ መታወቂያ ጨበጡ።
ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው፣ ጣት ላይ ይለቃል፤
«ደቻቱ በየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይመርጣል፣
አርባ ዓመት ጨው የተሸከመላት ቆሞ ያያል።

ወረቀቱ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፣ ግን ረጅም፤
ጭራው ጋ ስደርስ ራሱን አላስታውስም።
ከፊቴ አደይ ሚስኪ አሉ፣ ማንበብ የማይችሉ፤
«ምን ይላል ልጄ?» አሉ።
«ይቺ ፀሐይ ‘አዎ’ ነች፤ ያ ስንጥቅ ገንቦ ‘አይሆንም’ ነው።»
«ስንጥቅ ገንቦ ማን ይመርጣል?»
«እሱማ የእርስዎ መብት ነው።»

መቀጠልን እኔ አውቃለሁ። አንዱ ፍሬን ይይዛል፤
ሌላው ቀስ እያለ፣ እያፏጨ፣ ወደ ኋላው ይመጣል፤
መሀል የቆመው ሰው እጁን ካላነሣ
ማንም አይነቃነቅም፣ ሹም ቢቆጣ፣ ቢያገሣ።
ደግሞ ሰንሰለት ሁሉ መፍቻ አለው፣ በቅባት የራሰ፤
መፍቻ የሌለው መንጠቆ እጄ ላይ አልደረሰ።
በስብሰባው መሀል እጄን አወጣሁ፣ ባለ ሦስት ጣቱን፦
«ጌታው፣ የዚህን ኅብረት፣ ያሳዩኝ እስቲ መፍቻውን!»
ሰውየው ፈገግ ብሎ ደብተሩን ገለጠው፤
ጥያቄዬን ትቶ፣ ስሜን ጻፈው።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ ማንም ባይጠይቀኝም፤
እኔ «አዎ» ነበርኩ። ኅብረት አልጠላም።
ብቻውን የቆመ ፉርጎ ዝገት ሲበላው፣
ፍየል ሲያድርበት፣ አይቻለሁ፤ አውቀዋለሁ።
ማንም ሳይገፋኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ፣
ፀሐይዋ ላይ ምልክቴን አኖርኩኝ።

ማታ ሬዲዮው፦ «ዘጠና ስምንት ከመቶ!» አለ።
ዘጠና ስምንት!
ደቻቱ እንኳ ሞልቶ ሲወርድ ይህን ያህል አይጠርግም፤
ጥቂት ድንጋይ ሳይተው አያልፍም።
«አዎ»ዬን ፈለግኳት። ከዚያ ክምር የትኛዋ ነች የኔ?
አይሱዙ ካመጣት፣ ገንቦ ካስፈራት፣ በምን ልለያት በዓይኔ?
አሸዋ ላይ እንደፈሰሰ ጨው
አትለቀም፣ አትበላ፤
ሰረቁኝ፤
ልሰጣቸው የመጣሁትን ሰረቁኝ።

ሮብሌ ደጁ ላይ ተቀምጧል፣ ትከሻው ላይ ጨው ነጥቶ፤
ሬዲዮው ይደጋግማል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ተደስቶ፦
«ሕዝቡ ተናገረ! ሕዝቡ ቃሉን ሰጠ!»
ሮብሌ ወደኔ ጠጋ አለ፣ አንገቱን ቀለሰ፣
ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ምን አልኩ አሉ?»