ሜዳ ላይ የቀሩ

እግር ኳስ ይሉታል፣ በእጃቸው ይዘውት፣
በክንድ ወርውረውት፣ በደረት አቅፈውት።
አሥራ ሦስት ዓመት ሳንዲያጎ ላይ ቆሜ፣
በስታዲየሙ በር መኪና ሳስገባ፣ ቲኬት ስቀድ ከርሜ፣
«እግሩስ የታለና?» እያልኩ ስስቅ ነበር፤
አንድ ሐሙስ ጠዋት ገባኝ የስሙ ምሥጢር፤
ኳሱ እግር አውጥቶ፣
በአምስት ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ወጥቶ
ሲሄድ ሳየው በዓይኔ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወሬው የተነዛው፣
ባለቤትየው ነው በደብዳቤ ያወጀው።
ከሁለት አንቀጽ አይበልጥም፤
«እናመሰግናለን» ይላል፤
«ታላቅ ከተማ ጠራን» ይላል፤
ከራስጌው አዲስ አርማ፣ ገና ያልደረቀ ይመስል፣ ያብለጨልጫል።

ፀሐይ አናት ሳትደርስ ካሚዮን ተደረደረ፤
የራስ ቁር በካርቶን፣ የክብደቱ ብረት፣ የበረዶው ገንዳ፣ ምን የቀረ ነበረ!
የሐኪሙ አልጋ፣ የዋንጫው ሳጥን
(ባዶውን ነው እሱ፤ ዋንጫ መች አገኘን?)።
ሁሉም ተጫነና፣
ሣሩ ብቻ ቀረ። ሣሩና ሩፊኖ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቅዳሜ ሌሊቱን፣ ወገቡ ማጭድ ሆኖ፣
በገመድ እየለካ ነጩን መስመር ሳቢ።
ዳኛ ይሳሳታል፤ የሱ መስመር ግና
ጣት ታህል አይዛነፍ።

«አትሄድም ወይ?» አልኩት፤ «እዚያ ሥራ አለ ይባላል።»
«የዚያ ሜዳ ሣሩ ፕላስቲክ ነው» አለኝ፤ «በጥቅል ይመጣል፤
መስመሩም አብሮት ነው ተሸምኖ ያለ፤
ቀለም አይፈልጉም፤ እኔም አልፈለግ» አለና
ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ሳለ።

ወይዘሮ ኦፓል ደግሞ፣ ረድፍ አሥራ ሁለት፣
ሁለት ወንበር ነበር ዓመት ዓመት የሚከፍሉት፤
አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ለባላቸው፤
ባልየው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው።
ለሳቸውም ደረሰ፦ «ውድ ደንበኛችን፣
ቦታዎ ተይዟል በአዲሱ ቤታችን፤
ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ።»
መነጽር አወለቁ፤ አጥፈው ከቦርሳ ከተቱ፤
«ገንዘብስ ይገኛል። ኤልመር ግን» አሉኝ፣
«በጨለማ መንዳት ድሮም አይወድ ነበር፤ በየት ዞሮ ይምጣልኝ?»

ታላቋ ከተማስ? መች ጠራች፣ መች ሰማች!
ሎስ አንጀለስ ደጇ ሰፊ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ዞራም አልጠየቀች።
የመጀመሪያውን ጨዋታ በቴሌቪዥን አየሁ፤
ለነሱ ዝምታ፣ ለተጋጣሚያቸው እልልታ ሰማሁ።
እንግዳ ባንደኛው ቀን ወርቅ ነው ይባላል፣ በማግስቱ ብር፤
እነሱ መዳብ ሆኑ ገና ሲገቡ ከበር።
ልስቅ ነበር። አፌን ከፍቼ ተውኩት፤
ቁጥር ሃያ ሰባት፣ ያ ቀጭኑ ልጅ፣ ከመስመሩ ሲደርስ አጎንብሶ አየሁት፤
ጫማው ላይ ነጭ ቀለም ይፈልግ መሰለኝ።

እሑድ ነው። ልማድ ሆኖ እግሬ እዚያው ወሰደኝ።
ሰንሰለቱ ላልቷል።
ሩፊኖ ካንድ ጣሳ የተረፈች ቀለም አሟጦ ይዟል፤
ሃምሳዋን መስመር ብቻ፣
መሐል ለመሐሏን፣ ከዳር እስከ ዳር ያሰምራል።
«ለማን ነው?» ስለው
ቀና ሳይል መለሰ፦ «ነገ ዝናብ ነው።»

ረድፍ አሥራ ሁለት ላይ ወይዘሮ ኦፓል አሉ፤
ሰባ ሺህ ወንበር ባዶ፣
እሳቸው ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው አዝለው፣
ከጎን እንዳይጥሉ፣ ሰው እንዳያስነሡ፣ ይጠነቀቃሉ።

ቡድናችሁስ የት ደረሰ፣ እናንተስ የት ናችሁ? ለሚል ሰው ከሩቁ፣
እሱ ከተማ ገባ፤ እኛ ሜዳ ላይ ቀረን።
ሩፊኖ መስመሩን ጨረሰ። ወይዘሮ ኦፓል አጨበጨቡ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብለው።
ስንወጣ በሩ ላይ ቆምኩ፣ እንደ ወትሮዬ፤
ለመኪና ማቆሚያ አላስከፈልኳቸውም።