ቁልፍ

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ ደሴ ሳትነቃ
የብድር ቅጽ ይዤ፣ ልገምት የሰው ዕቃ፣
በሚኒባሱ ጥግ፣ ጉልበቴን አጥፌ
ሐረጎን ወረድኩት፣ መስኮት ተደግፌ።
ኮምቦልቻ ስደርስ ካፖርቴ ሸክም ሆነ፤
ደሴ የጸደቀው እዚህ ተኮነነ።

ከጨርቃ ጨርቁ አጥር፣ ከጀርባ በኩል ነው
የጦይባ ሙሄ ሱቅ፣ ሱቅ ብለን ከጠራነው፤
ሦስቱ ጎን ቆርቆሮ፣ አራተኛው መንገድ፣
አንድ የእግር መኪና፣ ሲረግጧት የምትነጉድ።

ቅጹ ይጠይቃል፤ እኔ አፉ ነኝ።
«የሒሳብ መዝገብሽ?»
ብድግ አለች፣ ከመደርደሪያው ላይ
ሁለት የማርማላታ ብልቃጥ አወረደች፣
እስከ አንገታቸው ቁልፍ የሞሉ፤
የሸሚዝ፣ የጃኬት፣ የልጅ ዩኒፎርም ቁልፍ።

«ነጩ የመምህራን ነው፤ ወር ሲወጣ ይወጣል።
ሰማያዊው የፋብሪካ ልጆች፤ ፈረቃ ሲቀየር ይረሳሉ፣
ሲርባቸው ያስታውሳሉ።
ይኼ ትልቁ የሸህ አረቡ ነው፣ ለልጃቸው ኒካህ ያሰፉት።
ሲወስዱ እጥላለሁ፣ ሲከፍሉ አወጣለሁ።
ብልቃጡ ሲቀለኝ እተኛለሁ፤
ሲከብደኝ ጣራ እቆጥራለሁ።»

«ጥቁሩስ?» አልኳት፣ ከሥር የተኛውን አይቼ።

ዝም አለች። መኪናዋን በመዳፏ ጠረገች።
«በዚያ ክፉ ዓመት የሄዱት ናቸው።
ማን እንደ ሞተ፣ ማን በሄደበት እንደ ቀረ እንጃ።
አልቆጥራቸውም።
አልጥላቸውምም።»

ቅጼ ላይ «አጠራጣሪ ዕዳ» የሚል ሳጥን አለ፤
የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።
ምን እንደምጽፍበት ጠፋኝ።

ወለዱን ስነግራት ሳቋ መጣ።
«ሴት ልጅ እንኳ ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣
ወገቧ ተቆርጦ፣ አምጣ ነው የምትወልደው፤
ብር ምን ታመመና ነው
ሳጥን ውስጥ ተኝቶ የሚወልደው?»

ወለድ የሌለውን ቅጽ አወጣሁ።
እሱም ገጽ ሁለት ላይ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ቆሟል፦
መያዣ። ቤት። ካርታ። የሚዘጋ በር።
«ቁልፍ አለሽ?» አልኳት፣ የቤት ማለቴ ነበር።
ብልቃጡን ነቀነቀችው።
«ይኸው፤ ስንት ይበቃሃል?»

ማክሰኞ ኮሚቴው ተቀመጠ፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
«ቁልፍ?» አሉ።
ሳቁ።
ጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ይኼን ነው የማልረሳው።

ሐሙስ ወረድኩ፣ ልነግራት። ሳልነግራት አወቀች፤
«ውድቅ» የሚለው ማኅተም ፊቴ ላይም አርፎ ኖሯል።
«አብሽር» አለችኝ። እኔን። እሷ።
ከዚያ ካፖርቴን አየችው፣
«ደረቱ ክፍት ነው። የደሴ ብርድ ይገልሃል፣ አውልቅ።»

ከጣሳዋ ጫረች፣ አንድ ቡኒ ቁልፍ መረጠች፣
አራት ጊዜ ወጋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
«ስንት ነው?»
ኪሴን ዳበስኩ። ያለኝ የመመለሻዬ ብቻ።
«አይተኸዋል መዝገቤን» አለች፣
የቁልፌን መንትያ ከጣሳው አንስታ
ወደ ብልቃጡ ጣለች። ቃ አለ።
ስሜን አልጠየቀችም። መታወቂያም፣ ዋስም፣
የወር ገቢዬንም።

ሐረጎን ስወጣው፣ ጭጋግ ሲቀበለኝ
ደረቴ ተቆልፎ፣ ብርዱም ደፍሮ አልነካኝ።
ስንቱን ሰው አስይዤ፣ ቤቱን በወረቀት፣
ዛሬ እኔ ተያዝኩኝ፣ ባንዲት ብልቃጥ ሀብት።
ከነጮቹ ልሁን፣ ወይ ከሥር ከተኙት፣
እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አላወቅሁት፤
ወር ሲወጣ ይለያል።