መወርወሪያ

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የአራት ኪሎ ግቢ በር ይዘጋል፤
ጋሽ አንጁሎ ብረቱን ሲገፉት ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።
ቀጭ! መወርወሪያ።
እኔም እዚሁ ቃል ላይ ነኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ያለ መፍትሔ።

ስክሪኔ ላይ ጋላክሲ አለ፣ ስሙ ቁጥር ብቻ፣
መሀሉን ከዳር እዳር ያቋረጠ የብርሃን ዘንግ፣ ሁለት ክንድ በየጫፉ መቋጫ።
«አጽሕሮቱን በአማርኛም ጻፊ» ቢለኝ አማካሪዬ፣
«ባለመወርወሪያ» አልኩት፣ የጋሽ አንጁሎን ብረት ተውሼ።
ግን አልተመቸኝም። ያኛው ይዘጋል፣ ይሄኛው ያስገባል፤
ከክንዶቹ ጋዝ እየነጠቀ ቁልቁል ወደ መሀል ይነዳል።

በተራ ብርሃን ሲያዩት መሀሉ ጥቁር ነው፣ አቧራ፣
እንደ ፒያሳ ያን ሰሞን፣ ቤት በፈረሰበት ተራ፤
ዶዘር ያስነሳው ብናኝ ምሰሶውንም ሰውንም ውጦት
ማን ቆሞ እንደቀረ፣ ማን ጓዙን እንደጫነ የማይለይበት።

ለዚህ ነው ታሕተ ቀይ። ዓይን የማያውቀው ቀለም፣
ቆዳ ግን ያውቀዋል፤ በእሳት አጠገብ ያለፈ አይስተውም።
አቧራ አያግደውም፤ የእሪ በከንቱ ግድግዳ
የጎረቤትን ሳል እንዳላገደ፣ የጎረቤትን ዕዳ።

ዋጋ ግን አለው። ሙቀት የሚያይ ዓይን ራሱ መብረድ አለበት፣
የገዛ ትኩሳቱ የሩቁን ግለት እንዳይጋርድበት።
ቴሌስኮፑን ከፀሐይ ከልለው፣ ከምድር አርቀው፣
ከውርጭ ሁሉ በታች አቀዝቅዘው የሰቀሉት ለዚህ ነው።

እኔ ገና አልበረድኩም።
በቤታችን ቦታ ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።

ዛሬ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤
ላፕቶፑ አሥራ ሁለት በመቶ ሲቀረው፣ ምስሉ ወረደ።

ያ ጥቁር መሀል ቀለበት ነው! የፍም ቀለበት፣
ዛሬ የተወለዱ ከዋክብት
(ዛሬ ስል የሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ዛሬ)
አቧራቸው ውስጥ ተጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ፣
መልካቸው ገና ያልታየ፣ ትኩሳታቸው ግን የሚደርስ።
ዘንጉ ላይ ፈለግሁ፤ አንድም የለም። ከርዝመቱ ሁሉ
አሮጌዎች ብቻ ተሰልፈው ዝም ብለዋል።

ጋሽ አንጁሎ ባትሪያቸውን እያበሩ ደረጃውን ወጡ።
«ልጄ፣ አልሄድሽም?» ብለው ከትከሻዬ በላይ አፈጠጡ።
ነገርኳቸው፤ ስለ ጋዙ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስላልሆነልኝ ስያሜ።
ዝም አሉ። ባትሪውን አጠፉ።
«የቱን መወርወሪያ ነው ያልሽው? የበሩን?
እኔ ሽሮ ሜዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሸማ ሠርቻለሁ።
የሸማኔም መወርወሪያ አለ አይደል?
ከዳር እዳር ይሄዳል፣ ማግ ያደርሳል፣
ራሱ ግን ጨርቅ አይሆንም።
ጨርቁ እሱ ካለፈ በኋላ ነው።»

ሳቅኩ፣ ከዚያ አልሳቅኩም።
«ጋሼ፣ ማጉ ሲያልቅስ?»
«ቀሰሙ ባዶ ሲሆን? ካልነቃሽበት
ባዶውን ይመላለሳል። ድምፁ ያው ነው።»

ይህንንም ጻፍኩት፤ ጋዛቸውን ጨርሰው መሀላቸው የቀዘቀዘ፣
ዘንጋቸው ብቻ የሚዞር ብዙ አሉና።
ባትሪው አለቀ። ብረቱን ስበው በሩን ከፈቱልኝ።

በእግሬ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ሰማያዊ ታክሲዎች
የመጨረሻውን ሰው ከመሀል ወደ ዳር ያወጣሉ፤
ወደ ገላን፣ እኛም አሁን ወደምንኖርበት።
እናቴ በር ላይ የምትቀመጥበት ቦታ
አግዳሚ ወንበር ተተክሏል፣ የድንጋይ፣ ንጹሕ፣
ከጎኑ አጭር መብራት።
ዛሬ ቀና ብዬ አየሁ። ተቀመጥኩ።
መዳፌን ድንጋዩ ላይ አኖርኩ።

ሞቃት ነው።
የቀን ፀሐይ ይሁን፣ ሌላ ነገር፣
በየትኛው ሞገድ እንደሚለይ አላውቅም።