አንድ ነጥብ ጎድሎን

ሐረጎን ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፣
ጉሙ ጦሳ ላይ ቀርቶ ሰማዩ ራቁቱን ሆነ።
ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልተነፈሰ፣
አሰልጣኝ አበጋዝ ብቻ ያችኑ ሂሳብ አመላለሰ፤
«ሦስት ከሁለት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም፣
ከሩቅ የሚያገባ ክርን አይቀምስም፣ ጎኑ አይቆስልም።»
እንድሪስ ከኋላ ወንበር፣ ጉልበቱ አገጩ ሥር ተጣጥፎ፣
«የሩቅ ዘመድና የሩቅ ኳስ...» አለና ተወው፣ መስኮቱን ተደግፎ።

የመጀመሪያውን እዚሁ ኮምቦልቻ ተሸነፍን፤
የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ልጆች ከመስመሩ ውጭ ቆመው ዘነቡብን።
አየሩ እዚህ ዝምተኛ ነው፣ ቦርከና ዳር ቅጠል አይነቃነቅም፣
ኳስ የተላከበትን ያውቃል፣ መንገድ አይስትም።
ሁለተኛውን ግን ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣
ነፋሱ ከጦሳ ወርዶ የጣራ ቆርቆሮ ሲያላላ፣
ሦስቶቻቸውን አንድ በአንድ እያነሳ አጥሩ ላይ ጣላቸው፤
እንድሪስም ከቀለበቱ ሥር ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ ጨረሳቸው።
ዱቄት ፋብሪካ ጆንያ የለመደ ጀርባ ነው፣
ሁለት ሰው ቢንጠለጠልበት አመቻችቶ የሚሸከመው።
«ነፋስ የማይበላው ሁለት» ብለን ስም አወጣንለት፣
አበጋዝ ሳቀ እንጂ አላመነበት።

ሦስተኛው እንዴት እንደሄደ አልዘረዝርም።
ሜዳው ላይ አንድ ጥርስ ተገኝቷል፤ የማን እንደሆነ አልናገርም።
እነሱ ሦስት፣ እሱ ሁለት፤ እነሱ ሦስት፣ እሱ ሁለት፤
በየሁለቱ አንድ ክርን፦ ጉንጩ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣
ከጆሮው በታች ባለችው ስስ ቦታ ላይ።
ጠመኔ ይዛ ነጥብ የምትጽፈው ጦይባ
«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ አያመውም?» አለች አሉ።
እኔ አልሰማሁም፤ ሰዓቱን ነበር የማየው።

አሥራ አንድ ሴኮንድ። አንድ ነጥብ ጎድሎናል።
ለእንድሪስ ሰጠሁት፤ ሌላ ምን ይደረጋል?
ሁለቱ መጡበት። ሦስተኛው ታከለ።
ከዚያ ሁሉ ክንድ መሃል ኳሱ ሾልኮ እጄ ላይ ዋለ።
መስመሩ ከጫማዬ ፊት፣ ቀለሙ የተላላጠ፤
ከፊቴ ማንም የለም፣ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ።
ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም።
እንዲህ ያለ ሦስት ሰው በሕልሙም አያገኝም።

እኔ ግን ቆጠርኩ፤
አንድ ነው የጎደለን፣ ሁለት ይበቃናል፣ ሦስት ትርፍ ነው አልኩ።

እውነቱ እሱ አይደለም። ፈርቼ ነው።
ከሩቅ የሳተ ብቻውን ነው የሚስተው፤
ከሥር የሳተ ግን «ገፋኝ» የሚለው ሰው አለው።
እናም ወደ ውስጥ ገባሁ። እንድሪስ ቀኑን ሙሉ በጎድኑ የከፈተው በር
ለማንም የሚሆን መስሎኝ ነበር፤
ለእሱ ትከሻ የተቆረጠ ኖሯል።
ረጅሙ ልጃቸው መዳፉን ኳሱ ላይ አሳረፈ፣
ፊሽካ ተነፋ፤ ዓመቱ አለፈ።

ሐረጎን ስንወጣ ጨለመ፤ ጉሙ መንገድ ላይ ተቀበለን፣
ሾፌሩ መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ እኛም አፋችንን ዘጋን።
አበጋዝ ሂሳቡን አላነሳም።
እንድሪስ ያበጠ ዓይኑ ላይ
ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ይዟል።
«ባዶ ሜዳ ላይ ነበርክ» አለኝ።
«ሁለት ይበቃን ነበር» አልኩት።
ጠርሙሱን ገለበጠው፣ ቀዝቃዛውን ጎን ፈለገ።
«ሁለት ሲሆን እኔ አለሁ። ሦስት ቢሆን ነው የጠራሁህ።»

በማግስቱ ከሰዓት፣ ደሴ፣ ሜዳው ጭር ብሏል፣
ከመስመሩ ውጭ ቆሜ እወረውራለሁ፤ ነፋሱ ይበላዋል።
ከቀለበቱ ሥር አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው
የሳትኩትን እየለቀመ ይመልስልኛል።
ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው፣ እጁን አልታጠበም፤
ኳሱ ዱቄት ነክቶ ይመጣል፣
መዳፌ እየነጣ ይሄዳል።