ሞላ

ከምድር ባቡር ግንብ ጀርባ፣ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር
የማታ ትምህርት ነበረን፤
አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የሚንቋቋ ወንበር።
መምህርት ፋንታነሽ ጠመኔ አነሣች፣
ሰሌዳው መሀል ላይ «ስፕሪንግ» ብላ ጻፈች።
«ይህ ቃል አንድ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው» አለች፣
«ስንት ልጅ እንዳለው ቁጠሩት» አዘዘች።

እኔ ከወርክሾፕ ነው የመጣሁት፣ ጥፍሬ ግሪስ እንደያዘ፣
ቀኑን ሙሉ ከፉርጎ ሥር ተጋድሜ ጀርባዬ እንደደነዘዘ።
«ሞላ ነው» አልኩ ፈጥኜ፣ «የፉርጎ፣ የአልጋ ሞላ፤
ሲጫኑት የሚሸሽ፣ ሲለቁት የሚመለስ፣
ቂም የማይዝ ገላ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።
ስሜ ነዋ ሞላ!
ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ግን፣ ፈረንሳይኛ የተረፋቸው፣
«ረሶር» ነው የሚሉኝ፤ ብረቱም እኔም አንድ ነን ባፋቸው።

ሮብሌ አጠገቤ ነው፤ አሸዋ ጫኝ በጋሪ፣
ቀን ከደረቁ ደቻቱ ቆፋሪ፣
ማታ እዚያው ዳሩ ላይ አዳሪ።
«ምንጭ ነው» አለ፤ «በኛ ኢል ነው።
ይኼም ኢል ነው» አለ፣ ጣቱን ከቅንድቡ ሥር ጠቁሞ፤
«መሬት የምታይበት ዓይኗ ነው።»
ጻፈው ደብተሩ ላይ፣ እርሳሱን አጥብቆ፣ ደግሞ ደጋግሞ።

«ቡርቃ!» አለች ሂንዲያ፣ ታይዋን ሱቋን ዘግታ የመጣች።
መዝገበ ቃላቱ ግን «ጸደይ» ይላል። ሂንዲያ ሳቀች፣
ሳቀች እንባዋ እስኪመጣባት፤
«ድሬ ምን ጸደይ አላት?
ሙቀት አላት፣ ወበቅ አላት፣ ከዚያ ደግሞ ሙቀት።»

መምህርት ቀጠለች፦ መዝለል፣ ካሉበት ፈንጠር ብሎ መነሣት።
አምስተኛው፣ ሳይታሰብ መምጣት፣ ቀን ሳይቆርጡ፣ ድንገት።
«ስድስተኛም አለው፤ እሱን የቤት ሥራ።»
ሮብሌ ስድስት ቁጥርን ጽፎ
ፊት ለፊቷ መስመር አሰመረ፤
መስመሩ ባዶውን አደረ።

ነሐሴ ነው።
እኛ ጋ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ኮከብ ነው።
የዘነበው ከላይ ነው፣ ከደንገጎ ማዶ፣
ማንም ድሬ ሆኖ ሳይሰማው።

ቤቴ ከዳገቱ ላይ ናት።
«ሞላ!» አለ አንድ ድምፅ፣ ከታች፣ ከአሸዋው በኩል።
«አቤት» አልኩ።
ተገላበጥኩ። አልጋዬ ሲጢጥ አለ።
«ሞላ! ሞላ!»
«ነገ» አልኩ፣ ለራሴ እንጂ እሱ በማይሰማው ድምፅ፣
«ነገ፣ ሮብሌ። ዛሬ ደክሞኛል።»
ከዚያ ወዲያ አልተጠራሁም።

ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ያቺን ሌሊት ስበትናት፣ ስለቅማት፦
ስሜን ነበር ወይስ ወንዙን?
በሱ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ እኔ ሌላ፣ የጎርፍ ሙላት ሌላ ነበረ።
እሱ ግን በኔ ቋንቋ ጮኸ፤
እንዲገባኝ ብሎ፣ አማርኛዬን ተበደረ።

በሦስተኛው ቀን አካፋ ይዤ ወረድኩ።
ጋሪው በአንድ ጎማ ቆሟል፣ ከዛፍ ጋር ተጣብቆ።
ከጭቃው አንድ የአልጋ ሞላ አወጣሁ፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው።
በመዳፌ ጨመቅኩት። ሸሸ።
ለቀቅኩት።
ተመለሰ።

ሰኞ ማታ አምፖሉ እንደበፊቱ በራ።
መምህርት ስለ ቤት ሥራው ምንም አላለች፤ ስም ጠራች።
«ሮብሌ ዋይስ።»
ጠመኔው ጣቷ ላይ ቆየ።
ሂንዲያ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።
«ሮብሌ ዋይስ።»
ሁለቴ ነው የጠራችው፤ ቆጥሬያለሁ።
ከዚያ፣ በቀስታ፣ «ሞላ።»

ዘልዬ ተነሣሁ፤
ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ።
«አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ፤

ማንም አልሳቀ።