ነዚፍ ሳለ

ነዚፍ የተወልኝ አንድ ጥቁር ዲስክ ነው፤
በፎጣ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ፣
ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ድምፅ ውስጡ አለው፣
አራት ክረምት ሙሉ የለቀመው ዞሮ።

የሐሙስ ሂርማታ፣ የሻጭ ጫጫታ፣
ቦዬ ረግረግ ዳር ጉማሬ በማታ፣
ማርሽ ያስጨነቀው ባጃጅ በአራዳ፣
አዌቱ ሲሞላ ድልድዩን ሲጎዳ።

ስም ግን የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው።
«ሰምተሽ ስም አውጪለት» ይለኝ ነበር ሁሌ፣
«ሳይሰሙ ያወጡት ስም ቶሎ ይወልቃል።»
አንድ ወር ሰማሁ። ሁለት ወር ሰማሁ።
ሰው ነኝና ጆሮዬ ደከመ፤
ለማሽን ሰጠሁት።

ማሽኑ እያንዳንዱን እንደ ሸንኮራ ላጠ፤
ውፍረቱን ለካ፣ ቅጥነቱን ለካ፣
ሻካራ ከልስልስ አበጥሮ መረጠ፤
አንድ ድምፅ አንድ ነጥብ
በወርድ፣ በቁመት፣ በጥልቀት ዘራቸው
በጥቁር መስኮት ላይ።
ሳዞረው ይዞራል፤ ስቀርበው ይቀርባል፤
ጣቴ የነካው ነጥብ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

የማን ልጅ ነህ አይል፣ ሰፈርህ ወዴት ነው፤
ጉማሬን ከሲኖትራክ አንድ ጎጆ አግብቶ፣
የቄራውን ዝንብ ከጀነሬተር ጋር፣
የሚቆላ ተልባን ከካፊያ አጎራብቶ።

አባ ፊጣ መጡ፣ ባለ ሦስት እግር ዱካ በብብታቸው፣
ነዚፍ ያዘዘውን፣ ሳይወስደው የቀረውን።
«ገንዘብ አልፈልግም። ያን ጊዜ የቀዳኝን አሰሚኝ።»
ማውሱን አስጨበጥኳቸው።
እንደ መላጊያ ነው በሁለት እጅ የገፉት፤
ሰማዩ በሙሉ ተሽከረከረና
ሂርማታ ከላይ ወጣ፣ አዌቱ ተደፋ።
ሳቁ። ቀስ አሉ። አንድ ነጥብ ላይ ቆሙ።
ሽርርት — ሽርርት —
«የኔ ነው። ዋንዛ ነው። ምላጩ ዶልዱሞ ነበር ያኔ፤
በማግስቱ ነው የሳልኩት።»

ከሁሉ ተለይቶ፣ ከስር፣ በግራ ጥግ፣
አንድ ፈዛዛ ዘለላ አለ፤
ከየቅጂው ራስ ላይ የተቆረጠ ዝምታ ነው ብዬ
ልሰርዘው ነበር።
አባ ፊጣ ነኩት። ምንም።
ደግመው ነኩት። ምንም።
ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉና
«ሰው አለ» አሉ።
«የት?»
«እዚህ ውስጥ። አየር ስቦ የቆመ ሰው።»

ድምፁን ከፍ አደረግኩ።
ነዚፍ ነው።
ጉማሬው ሳይጮህ፣ መላጊያው ሳይሄድ፣ ዝናቡ ሳይጥል በፊት
ቁልፉን ተጭኖ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣
እንዳይረብሻቸው ራሱን ያፈነ፣
ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ።

ዘለላውን በየክረምቱ ቀለም ለየሁት።
የመጀመሪያው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ልጅ እግር።
ሁለተኛው ሳሳ።
በሦስተኛው ነጥቦቹ መንገድ ጀመሩ፤
አራተኛው
ሰፈሩን ለቅቆ፣ ጨለማውን አቋርጦ፣
መጋዞቹ መሃል ገብቶ ተገኘ።

«ብርድ ነው» ይለኝ ነበር።
እኔም «ጃኬት ልበስ» እለው ነበር።

አባ ፊጣ ዝም አሉ። ከዚያ፣ እንደ መቆጣት ብለው፣
«ያስገባውን ሁሉ ሰማሁ። የት አወጣው?»
ምን ልበል፤ መቅጃው ከተዘጋ በኋላ ይሆናል፣
መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ማንም ሳይቀዳው።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት እግር አይወዛወዝም።
ቁጥሩን አጠፋሁት፤ ባዶው ሳጥን ውስጥ
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።
ሰምተሽ ስም አውጪለት።
ሰማሁ።
ጻፍኩ፦ ነዚፍ ሳለ።

አባ ፊጣ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥረው አነበቡና
«የትኛው ሳለ ነው?» አሉኝ።